የ«ያልደረቀ እንጨት» ሙግት

ዳርላ ኒየሚ የአልበሙን ስድስተኛ ዘፈን ለመጥላት እየታገለች ሳለ ድልድዩ ተነሳባት። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ማገጃው ወረደ፣ የሆኪያም ወንዝ ድልድይም ከመሃሉ ተከፍሎ ሁለት ክንፉን ወደ ሰማይ ማንሳት ጀመረ። ከሥሩ አንድ የሸርጣን አጥማጅ ጀልባ፣ የዓለም ጊዜ ሁሉ የእሱ ይመስል፣ ዝግ ብሎ ያልፋል። ዳርላ የመኪናዋን ሞተር አጠፋችና ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

«ጥፋትህን አሳየኝ» አለችው።

ጊታሩ ጮኸ። ከበሮው ተከተለው። ዘፋኙ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ይጉተመተም ጀመር። ይኼ ጥሩ ነው፣ ይኼ ጥፋት ነው፣ ብላ ያዘችው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትሰማው ኖራ፣ ሁለተኛው ስንኝ ስለ ወንዝ ይሁን ስለ ወንድም እንደሚያወራ እስከ ዛሬ አታውቅም። ነገር ግን ዘፈኑ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ቀኝ እጇ ማንም ሳያዘው መሪውን መደብደብ ጀመረ።

«ተው እንጂ» አለችው እጇን።

ከጎኗ የቆመው መኪና ውስጥ ያለ ሽማግሌ አይቷት ፈገግ አለና እጁን አነሳላት። በዚህ ከተማ ዳርላን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የከተማውን ግማሽ ራሷ ትምህርት ቤት አድርሳዋለች፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ልጆቹን አድርሳለታለች። አውቶቡሷን የማያውቅ ቢኖር ድምፅዋን ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከተማዋ የራሷ ባደረገቻት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ «የቅዳሜ ሙግት» የሚባል ፕሮግራም አላት። የምትሟገተው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ከዌስ ፔትሪች ጋር፣ ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ከሚጠግነው።

ሁለቱ ያልተከራከሩበት ነገር የለም። ክላም የሚባለው የባሕር ዛጎል ሾርባ ውስጥ ቲማቲም ይገባል ወይስ አይገባም፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው የዚህ አገር ተወላጅ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም፣ ውሻ አልጋ ላይ ይተኛል ወይስ መሬት። በየዓመቱ በጥቅምት ግን ወደ አንድ ነገር ይመለሳሉ፤ እርጥብ ቦት የሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ወዳወጣው «ያልደረቀ እንጨት» ወደሚለው አልበም። ከባንዱ አራት ልጆች ሁለቱ እዚሁ ሆኪያም ያደጉ ናቸው። አልበሙ በሚሊዮን ተሽጧል፤ የሙዚቃ መጽሔቶች የዘመኑን ምርጥ የሮክ ሥራዎች በደረደሩ ቁጥር ከላይ አካባቢ ያስቀምጡታል። ዳርላ ሲወጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚህ ዝናብ ውስጥ ከወጣ ነገር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ትላለች። ዌስ ደግሞ ከሚገባው በላይ የተወደሰ ጩኸት ነው ይላል። በየዓመቱ ያንኑ ይላሉ፣ በየዓመቱ አድማጩ ስልክ እየደወለ ይፈርዳል፣ በየዓመቱ ማንም ሐሳቡን አይቀይርም።

ዘንድሮ የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ማቪስ ሰለቻቸው። «ልጆች፣ ወገን ትቀያየራላችሁ» አሉ። «ዌስ አልበሙን ይደግፋል፣ ዳርላ ትቃወማለች። እምቢ የሚል ካለ ቅዳሜን በኦርጋን ሙዚቃ እሞላዋለሁ።» ማቪስ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። ሁለቱንም በልጅነታቸው መዝሙር አስተምረዋቸዋል፤ ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ለእሳቸው አሁንም ልጆች ናቸው።

ድልድዩ ወረደ። ዳርላ ሲዲውን አጥፍታ ሞተሩን አስነሳች። የያዘችው ክስ መጉተምተሙ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ደስ ይላታል።

ጣቢያው ድሮ የጫማ መደብር የነበረ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ማቪስ ስቱዲዮው በር ላይ የዶናት ሣጥን ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

«ዌስ ዘግይቷል» አሉ ሣጥኑን ወደ እሷ እየገፉ። «ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ከወንድሙ ጋር በስልክ ያወራል። ዛሬ መልስ ካልሰጠኸኝ ብሎ ወጥሮ ይዞታል መሰለኝ።»

«የምን መልስ?» አለች ዳርላ ዶናት እያነሳች።

የማቪስ እጅ ሣጥኑ ላይ ቀረ። «አልነገረሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ወይ የኔ ነገር። እኔ የነገረሽ መስሎኝ ነው። ተይው፣ ራሱ ይንገርሽ።»

«ማቪስ፣ ከጀመሩት ይጨርሱት እንጂ።»

ማቪስ ወደ ደረጃው አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድሙ ኒኮ አላስካ ውስጥ፣ ኬቺካን፣ የራሱን የጀልባ ጥገና ከፍቷል። ና አብረን እንሥራ ብሎታል። እስከ ዛሬ ማታ ካልመለሰለት ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው። ዌስ ለእኔ የነገረኝ ደግሞ፣ ምናልባት ፕሮግራሙ ላይ በእሱ ቦታ ሰው ብፈልግ ብሎ ነው፣ ቀደም ብዬ እንዳውቀው።»

ዳርላ ዶናቱን ነከሰችና ማኘክ ረሳች። ኬቺካን። እዚያም ዝናብ ነው፣ እዚያም ጀልባ ነው። እዚያ ዌስ ምን ይጎድለዋል? ትናንትና ማታ እንኳን ደውሎላት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ አልበሙ ሽፋን ሥዕል ሲነዘንዛት ቆይቶ ደህና እደሪ ብሎ ዘጋ። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ለእርስዎ ሲነግርዎ ለእኔ ምነው ሳይነግረኝ ቀረ?» አለች በመጨረሻ።

«እሱን ራሱን ጠይቂው» አሉ ማቪስ። «ከንፈርሽ ላይ ስኳር አለ።»

ዌስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ከማሽን ዘይት ጠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቆቡ በዝናብ ረጥቧል። አንገቱ ላይ ጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል፤ ይኼን ዳርላ አይታበት አታውቅም።

«ሳምንቱን ሙሉ አዳመጥኩት» አለ ቆቡን እያራገፈ።

«እና?»

«ማይክሮፎኑ ሲከፈት ትሰሚዋለሽ። አሁን ብነግርሽ መልስ ታዘጋጂልኛለሽ።»

«አንተ ነገር መደበቅ ጀመርክ» አለችው።

ዌስ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ማቪስን አየ። ማቪስ የዶናት ሣጥኑ ውስጥ የጠፋባቸው ነገር እንዳለ ሁሉ አቀርቅረው ይፈልጉ ጀመር። ዌስ ሊናገር አፉን ሲከፍት የሥርጭቱ ቀይ መብራት በራ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ማቪስ በሬዲዮ ድምፃቸው። «ዛሬ ዓለም ተገልብጣለች። ዌስ ጠበቃ ነው፣ ዳርላ ከሳሽ። ዌስ፣ ጀምር።»

ዌስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼን አልበም ስሰድብ ለዓመታት የሰማችሁኝ ሰዎች፣ ዛሬ ጠበቃው ሆኜ ቀርቤያለሁ። ደንበኛዬ ጥፋተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጥሩ ጠበቃ እንዲህ ያለውን ነገር አፉን ሞልቶ አይናገርም።»

ዳርላ ሳቋን ዋጠችው። መሳቅ አልፈለገችም፤ ተናዳለች። ንዴቱ ግን ያልጠበቀችውን ነገር አመጣላት። መኪና ውስጥ ስታጣው የነበረው ክስ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተሰለፈ።

«ከስሙ እንነሳ» አለች ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ። «ያልደረቀ እንጨት። ቤቱ ምድጃ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያልደረቀ እንጨት ያጨሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሲንሿሿ ያመሻል፣ አይነድም። እኔ ምን እጨምራለሁ? ራሳቸው ሽፋኑ ላይ ጽፈውታል።»

ማቪስ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ሁለተኛ፣ ዘፋኙ ምን እንደሚል የሚያውቅ አለ? እኔ የዚህ አልበም ነገር ሲነሳ ከመጀመሪያዎቹ አድናቂዎች ነኝ፣ ግን ስድስተኛው ዘፈን ስለ ወንዝ ይሁን ስለ ወንድም አላውቅም። ሰው በሚለው ነገር ካላፈረ አፉን ከፍቶ ይናገር። ሦስተኛ፣ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች አንድ ዘፈን ናቸው። ስም ብቻ ነው የቀየሩላቸው። እኔ ልጆችን ስቆጥር አንዱን ልጅ ኮት አስለውጬ ሁለቴ ብቆጥር ከሥራ እባረራለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። ማቪስ አገናኙት።

«ዳርላ፣ ኦርቪል ነኝ፣ ከጀልባ ማቆሚያው» አለ ጎርናና ድምፅ። «አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ ኦርቪል።»

«አይ፣ ልጄን አውቶቡስ ውስጥ ስለዚህ አልበም እያወራሽ አሳብደሻት፣ ጊታር ካልገዛህልኝ ብላ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች። ልገዛላት ነበር። አሁን ምን ልበላት?»

«ከበሮ ግዛላት» አለች ዳርላ። «ከበሮው ላይ ምንም ክስ የለኝም።»

«እግዜር ይይልሽ» አለና ዘጋ።

ዌስ ይስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁን ገታ አደረገና ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ እንደ ቅዳሜው ዌስ አልነበረም፤ ሞተር ሥር ተኝቶ ለራሱ እንደሚያወራ ዓይነት ነበር።

«እኔ ይኼን አልበም የጠላሁት ሳልሰማው ነው። በወጣበት ክረምት የምሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘጋ። ሥራ ፈትቼ መጠጥ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከሩቅ አገር ካሜራ የያዙ ሰዎች መጡ። የዚህን ሙዚቃ አገር ለማየት ነው አሉ። ሸሚዝህን ከየት ገዛኸው አሉኝ። ለሥራ የምለብሰው ባለ መስመር ሸሚዝ ነው፣ ክርኑ ተቀዷል። እነሱ ፋሽን ነው አሉ። አንዱማ ሽጥልኝ አለኝ።»

«ሸጥክለት?» አለች ዳርላ፣ ሳታስበው።

«ሸጥኩለት። በገንዘቡ ሦስት ሌላ ሸሚዝ ገዛሁበት። ግን ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ሬዲዮ እዘጋ ነበር። ይኼን ሳምንት ሥራዬ ሆነና ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። አራተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይሰበራል። አስቦበት አይደለም፤ ስቷል። እንደገና መቅዳት ይችሉ ነበር፣ አልቀዱትም። እኔ አንድ ብሎን ጠምሞ ከገባብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እነዚህ ልጆች ጠማማውን ብሎን ለዓለም ሁሉ እንዲታይ ትተውታል። ሰው የሚያወድሳቸው ለዚህ ከሆነ ይገባቸዋል።»

ማቪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኼን እንኳን እሳቸውም አልጠበቁትም።

«ሌላም ምስክር አለኝ» አለ ዌስ። «ዳርላ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ብሪንን ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ የካሴት ማጫወቻ ይዛ እንደነበር ነግራናለች። ምጡ ሲጠናባት ሦስተኛውን ዘፈን እየመለሰች ስትከፍተው፣ ነርሷ መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች። ያን ጊዜ እኔ ቀልጄበት ነበር፤ ልጅቷ የወጣችው ጩኸቱን ለማስቆም ነው ብዬ። ማክሰኞ ዕለት ሦስተኛውን ዘፈን ስሰማ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ነርሷ ታየችኝ። አንድ ዘፈን ያልነበርኩበትን ክፍል ካሳየኝ፣ በምን አፌ ነው ጩኸት የምለው?»

ዳርላ ያንን ታሪክ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ ራሷ ስለ ነርሷ ረስታ ነበር። ደስ አላት። ደስታው ደግሞ ንዴቷን ጭራሽ አባሰው። ይኼን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው አላስካ ሊሄድ ነው፣ አንድ ቃል ሳይናገር።

«ዳርላ፣ መልስ» አሉ ማቪስ።

«መልስ አለኝ» አለች። «ዋናውን ክስ ገና አልተናገርኩም። መጉተምተሙን እርሱት፣ ጭሱን እርሱት። ይኼን ሳምንት ቃሎቹን አዳመጥኩ። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰውዬው ይሄዳል። በባቡር ይሄዳል፣ በጀልባ ይሄዳል፣ ዝናብ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ስሰማው ሂያጇ እኔ ነበርኩ። ከዚህ ከተማ ልወጣ ሻንጣዬን ሸክፌ፣ ማንም ሊያስቆመኝ የማይችል። ስለዚህ ወደድኩት። ዘንድሮ ስሰማው ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ አየሁ። በየዘፈኑ በር ላይ የምትቆም አንዲት ሴት አለች። ስም የላትም። አንድም ቀን አፏን እንድትከፍት አልተፈቀደላትም። እና ይኼ ጀግና ተብዬ፣ ያን ሁሉ ጊታር ሲያስጮህ፣ አንድም ዘፈን ላይ ዞር ብሎ ልሄድ ነው አይላትም። አንድም ላይ።»

ዌስ ከወንበሩ ቀና አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

«ምናልባት» አለ፣ «ቆይ ያለው ሰው ስለሌለ ይሆናል።»

«ቆይ ለማለት እኮ መጀመሪያ መሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል።»

«ይነግራት ነበር። ቢነግራት ምን ትለው ይሆን ብሎ ፈርቶ ቢሆንስ?»

«ምን ትለዋለች ብሎ ነው የፈራው?»

ዌስ የቆቡን ጠርዝ ማሸት ጀመረ። ዳርላም ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ከጩኸት በላይ ይሰማል፤ ማቪስ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ፣ በእጃቸው ቀጥሉ ቀጥሉ እያሉ አመለከቱ፣ ማንም አላያቸውም። ያዳናቸው ስልኩ ነው።

«ሃሎ» አለች አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት። «ሌምፒ አሆ ነኝ። የእርጥብ ቦት ከበሮ መቺ አክስት።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሌምፒ» አሉ ማቪስ እፎይ ብለው። «ስለ አልበሙ የሚሉን አለ?»

«አልበሙን ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ጩኸት አልወድም። እኔ የደወልኩት ለሌላ ነገር ነው። ይኼ የምታወሩለት ሰውዬ፣ የት ነው የሚሄደው?»

ዳርላ አፏን በእጇ ያዘች። ዌስ ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ገና አልወሰነም፣ እማማ» አለ።

«እንግዲያው ፈጠን ይበል። ሾርባዬ እሳት ላይ ነው፣ ሳልሰማ መነሳት አልችልም።»

ማቪስ ከዚህ በላይ አልደፈሩም። «ለአድማጮቻችን ሦስተኛውን ዘፈን እናሰማለን» ብለው ቁልፉን ተጫኑት፣ ቀይዋ መብራት ጠፋች፣ ጊታሩ ክፍሉን ሞላው። ማቪስ ሣጥኑን አነሱና ዶናት ልጨምር ብለው ወጡ። ሣጥኑ ግን ገና ግማሹ ሙሉ ነበር።

አዝማቹ ላይ የዌስ እግር ወለሉን ሲመታ ዳርላ አየችው። ማየቷን ሲያይ እግሩን አቆመ።

«አሁን ማን አሸነፈ?» አለ ዌስ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ደረጃው ላይ ማቪስን ሲያገኛቸው።

«ማን ስለ ማሸነፍ ጠየቀ?» አሉ ማቪስ። «ስልኩ ተንጫጭቶ ጆሮዬን አደነቆረው። ሁሉም የሚሉኝ ይሄዳል ወይስ አይሄድም ነው። ስለ አልበሙ ያነሳ ኦርቪል ብቻ ነው፣ እሱም ከበሮ የት ይሸጣል ብሎ። ውጡልኝ አሁን፣ ልቆልፍ ነው።»

ውጪ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። በዚህ ከተማ ካፊያ ሲሆን ሰው ቆሞ ያወራል። የጫማ መደብር የነበረው ቤት ታዛ ሥር ቆሙ። የዌስ መኪና ከመንገዱ ማዶ ነው፣ የዳርላ እዚሁ አጠገባቸው።

«ማቪስ ነገሩሽ» አለ ዌስ።

«አንተ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ትናንት ስለ ሽፋኑ ሥዕል ግማሽ ሰዓት አወራኸኝ እኮ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ ጉቶ።»

«ልነግርሽ ነበር የደወልኩት። ከዚያ ጉቶው ላይ ስንከራከር ጊዜው ሄደ። ደስ ብሎኝ ነበር።» ቆቡን አውልቆ ውስጡን ተመለከተ። «እነግራታለሁ፣ ከዚያ መልካም ጉዞ ዌስ ትለኛለች ብዬ አሰብኩ። ጨዋ ሆነሽ። ከልብሽ ሆነሽ። እሱን ነው የፈራሁት።»

አንድ የምታውቀው የተማሪ እናት በመኪና ስታልፍ ጥሩንባ ነፋችና አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። መቼም ሬዲዮውን ከፍታ ነው ስትነዳ የነበረው። ሁለቱም እጃቸውን አነሱላት።

«ለመሆኑ እውነትህን ነው?» አለች ዳርላ። «አራተኛው ዘፈን ላይ ያልከው?»

«ድምፁ የሚሰበርበት? እውነቴን ነው። ሦስት ጊዜ ነው መልሼ የሰማሁት። ሌላው አሁንም ጩኸት ነው። አንቺስ? በር ላይ የቆመችው ሴት?»

«እሷም እውነት ናት። የመጨረሻዎቹ ዘፈኖችም አንድ ዘፈን ናቸው፣ እስከ ዛሬ ለማመን አልፈለግኩም ነበር።»

«እና ይገባዋል? ያ ሁሉ ውዳሴ?»

«ግማሹ» አለች ዳርላ። «አንተስ?»

«ግማሹ።»

«የትኛው ግማሽ?»

«የመጀመሪያው ግማሽ እንዳልል ስምንተኛው ዘፈን አለ።»

«ስምንተኛው? ስምንተኛው እኮ ከሁሉም የባሰው ነው።»

«ይኸው፣ ጀመርሽ።»

ሳቁ። ዳርላ ከሳቋ መሃል ስታየው፣ ይኼ ሰው ኬቺካን ውስጥ ከኒኮ ጋር ምሳ ሲበላ ስለ ስምንተኛው ዘፈን የሚያወራው ሰው እንደማይኖር አሰበች። ከዚያ የራሷን ቅዳሜ አሰበች፤ እኩለ ቀን ላይ የኦርጋን ሙዚቃ። ስቱዲዮ ውስጥ ልትለው ትችል ነበር። ከተማው ሁሉ እየሰማ፣ ወይዘሮ ሌምፒ ሾርባቸው እያረረ። ያን ጊዜ ብትለው ግን ሙግት ይሆን ነበር፣ እሱም መልስ መስጠት ነበረበት። አሁን የሚሰማ የለም።

«አትሂድ» አለችው።

ዌስ አያት።

«ምክንያት አልደረድርም» አለች። «እዚያ ደመወዙ ይሻል ይሆናል፣ ወንድምህ ነው፣ ሁሉንም አውቃለሁ። አትሂድ ነው የምልህ። እንድትቀር እፈልጋለሁ። ለሬዲዮው አይደለም።»

ዌስ አፉን ከፈተ። ዳርላ ጠበቀች። በቲማቲም፣ በዣንጥላ፣ በውሻ፣ በጉቶ ሳይቀር ይኼ ሰው መልስ ያጣበትን ቀን አታስታውስም። እሷ አንድ ስትል እሱ ሁለት ይላል፤ የለመደችው እሱን ነው። ዌስ ግን አፉን መልሶ ዘጋው፣ ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ፣ እንደገና አወለቀው።

«በዚያኛው ወገን የምለው የለኝም» አለ።

ከኪሱ ስልኩን አወጣና ደወለ። ወንድሙ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው፤ ድምፁ እስከ ዳርላ ድረስ ይሰማል።

«ኒኮ» አለ ዌስ። «አልመጣም። ... አዎ፣ አውቃለሁ። ... አይ፣ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ... ሥራውማ ጥሩ ነው ማን ክፉ አለው። ... ምክንያቱማ...» ዳርላን አያት። ፊቱ እንደገና ቀልቷል። «ምክንያቱን የምትነግርህ ሰው አጠገቤ ቆማለች። ከእሷ ጋር ስትከራከር ተጠንቀቅ ብቻ።»

ስልኩን ዘረጋላት።

ዳርላ ኒኮን አይታው አታውቅም። ድምፁን ከሩቅ ትሰማዋለች፣ ማን ናት፣ ምንድን ነው የምትለው፣ እያለ ይጠይቃል። ስልኩን ገፍታ መልሳ ልትስቅ ትችል ነበር፣ ዌስም አብሯት ይስቅ ነበር፣ ነገሩ እንደ ቅዳሜ ቀልድ ያልፍ ነበር። እጇን በኮቷ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለችው።

«ሃሎ፣ ኒኮ» አለች። «ዳርላ እባላለሁ። ትንሽ ጊዜ አለህ?»